ከአውድማው በላይ ያለው ቤት

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ፍሬሰላም ትናንት ደውላ «ቦታ የሚመርጥልን ሰው ካንተ ሌላ የለም፣ ጋሼ አንዱዓለም» አለችኝ። እምቢ ልላት አፌን ከፈትኩና እሺ አልኩ። ቡድኗ «ወፍ ሲንጫጫ» ይባላል። ሰባት ናቸው፦ ሁለት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ሁለት ድምፃውያን፤ አንዷ ራሷ ፍሬሰላም። ጾሙ ወጥቶ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጎንደርን፣ ማክሰኝትንና ወገራን ሊዞሩ ነው። የእኔ ሥራ ቀድሜያቸው እየሄድኩ የት ቢጫወቱ እንደሚያምር ማየት ነው። ማየት አልኩ እንጂ መስማት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ድምፅ ማጉያ ሳቆምና ሳነሳ ኖሬያለሁ፤ ባዶ ቤት ገብቼ አንድ ጊዜ ካጨበጨብኩ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግረኛል።

የቡድኑ ትልቅ አያ አያና ናቸው፤ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ሰባ አራት ዓመታቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ማይክ አልፈልግም።»

«አያ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ ያውቃሉ?»

«ሰው ዝም ካለ ይሰማል። ዝም የማይልበት ቦታ አትውሰደኝ።»

ከሰዓት በኋላ ፒያሳ፣ ጣሊያን የሠራውን የድሮ ሲኒማ ቤት አብረን አየን። አጨበጨብኩ። ድምፁ ሄዶ የኋላውን ግድግዳ ነካና ለስልሶ ተመለሰ። አያ አያና መድረኩ ላይ ወጥተው ደጋኑን አንዴ፣ አንዴ ብቻ ሳቡት። እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ። ጆሮዬ ሥር የተጫወቱ ያህል ሰማሁት። የፍየል ቆዳና የፈረስ ጭራ ነው እኮ። ሌላ ምንም የለበትም። ከዚያ ውስጥ ይህ ሁሉ እንዴት ይወጣል? ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበት ዛሬም አላውቀውም።

ጎንደር አለቀ። ሲኒማ ቤቱ ነው።


ታኅሣሥ 5

ፍሬሰላም የወገራው ቦታ አምባ ጊዮርጊስ ይሁን አለች። ነፋስ አለ አልኳት። ብርድ አለ። መብራት ይጠፋል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ዳባት ይሻላል።

«ዳባት ለመሄድ የምናልፈው በአምባ ጊዮርጊስ አይደል እንዴ?» አለች።

ስልክ ተደወለልኝ ብዬ ወጣሁ። አልተደወለልኝም።

ማታ። አምባ ጊዮርጊስ የተወለድኩበት ነው። ታላቅ እህቴ ፈንታዬ እዚያው ናት። ሐምሌ ላይ ልጇ መዝሙር ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ወሰደው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሌላ ልጅ የላትም። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ይህን እዚህ የጻፍኩት ከቦታ ምርጫው ጋር ግንኙነት ኖሮት አይደለም።


ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኝት

ሸጋ ቀን።

የከብት ተራውን አየሁ፤ ሰፊ ነው፤ ድምፅ ይውጣል። ትምህርት ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ የከባድ መኪና ጥሩምባ አያስቀምጥም። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ አንድ የእህል መጋዘን በሩ ተከፍቶ አየሁ። ባለቤቷ ሰርካለም የምትባል እህል ነጋዴ ናት። ገብቼ ሳጨበጭብ እንደ እብድ አየችኝ።

ግማሹ ጆንያ የሞላ ነው። ግማሹ ባዶ። ከጣሪያው ቀዳዳ ሦስት የፀሐይ ዘንጎች ወርደው መሬቱ ላይ ቆመዋል፤ በውስጣቸው የጤፍ ብናኝ ይወጣል፣ ይወርዳል። ድምፁ ጆንያውን ሲነካ ይተኛል፤ ባዶውን ሲነካ ይነሣል። ሆን ብሎ ሰው ሊሠራው ቢፈልግ አይሠራውም።

«ለዝግጅቱ ጆንያውን አስወጣላችኋለሁ» አለች ሰርካለም።

«እባክሽ እንዳትነኪው! እንዳለ ተይው።»

ሳቀች። «ዕቃሽን አንሺልኝ የሚለኝ እንጂ አታንሺው የሚለኝ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ቤቴ ድረስ ደስ እያለኝ መጣሁ።


ታኅሣሥ 9

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች።

«በዚህ ጊዜ ደግሞ የምን ዘፈን ነው!»

«በዚህ ጊዜ ያልሆነ መቼ ሊሆን?»

የትኛዋ ልክ እንደሆነች ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።


ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ረጅም ቀን ነበር። እግሬ አሁንም አልሞቀም።

ሄድን። ፍሬሰላም፣ አያ አያናና እኔ፣ በአለምነህ ሚኒባስ። አለምነህ የቡድኑ ሾፌር ነው፤ አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ ዕድሜ ልኩን በዚህ መንገድ የተመላለሰ። ኬላው ላይ ብዙ አላቆሙንም። ዳገቱን ጨርሰን ወገራ ሜዳ ላይ ስንወጣ አያ አያና ኮፍያቸውን አወለቁ። የታጨደው የገብስ ማሳ እስከ ዓይን ማብቂያ ወርቅማ ነው፤ አመዳዩ ጥላው ሥር ገና ነጭ ነበር፤ ሰማዩ ከጎንደር ሰማይ ሁለት እጥፍ ይሰፋል። እዚህ ተወልጄ እንኳ ስመጣ ትንፋሼን ይቀማኛል። ሰው እዚህ እያደገ እንዴት በቀስታ ይናገራል? ሁላችንም ጯሂዎች መሆን ነበረብን።

አዳራሹን አየን። ጣሪያው ተላቅቋል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ያጨበጭባል። «ነግሬሽ ነበር» አልኩ ለፍሬሰላም። ደስ ያለኝ ይመስል ነበር መሰለኝ፤ አተኩራ አየችኝ። የገበያውን ሜዳ አየን። ነፋስ። «ይኸው፣ ዳባት እንሂድ» አልኩ።

አለምነህ መሪውን እንደያዘ «የአያ ሐብተ ማርያም አውድማስ?» አለ።

አውቀዋለሁ አላልኩም።

ከከተማው ጫፍ ነው። ኮረብታው እንደ ጨረቃ ጎብጦ ሦስቱን ወገን ያቅፈዋል፤ ነፋሱ ከላይ ያልፋል እንጂ አይወርድም። አውድማው መሐል ላይ በእበት ተለቅልቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ገብስ እየተወቃ ነበር፤ በሬዎቹ እስኪያርፉ ጠበቅን። ከዚያ እጄን አነሳሁና አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ።

እንዴት ልጻፈው። ድምፁ አልተመለሰም፤ ግን አልጠፋም። ኮረብታውን ይዞ ዙሪያውን ሄደ፤ ሲሄድ ሰማሁት። ልጅ ሆኜ ስንት ቀን እዚህ ስንከባለል ውያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም ነበር። አያ አያና ማሲንቆአቸውን ከጨርቁ አውጥተው ቆመው ሳቡት። ማዶ ተዳፋቱ ላይ ጭድ የሚሸከሙ ሴቶች ነበሩ፤ ሦስት መቶ እርምጃ ይርቃል። ሦስቱም ቀጥ ብለው ቆሙና ወደኛ ዞሩ።

«ይኸ ነው» አሉ አያ አያና። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «ልጄ፣ ይኸ ቦታ የተሠራው ለገብስ አይደለም።»

ባለቤቱ አያ ሐብተ ማርያም መንሹን ተደግፎ ያየናል። እኔን ሰላም አለኝ፤ እንደማንኛውም እንግዳ። ከዚያ በላይ አልጨመረም። ፍሬሰላም ጉዳዩን ነገረችው።

«በጥር አጋማሽ ገብሱ ይነሣል፤ ባዶ ነው። ከእኔ ወገን ችግር የለም» አለ። ከዚያ ከአውድማው በላይ፣ በድንጋይ አጥር የተከበበውን ቤት በአገጩ አሳየ። «ግን ያ የሐዘን ቤት ነው። ልጇ ከሞተ ዓመቱ አልወጣም። እዚህ ዘፈን ሲባል እልፍኟ ይገባል። ቦታው የእኔ ነው፤ ፈቃዱ ግን የፈንታዬ ነው።»

«ፈንታዬ ማናት?» አለች ፍሬሰላም።

አያ ሐብተ ማርያም መሬት አየ። አለምነህ እኔን አየ። እኔ ሰማዩን።

«መሽቷል፤ ኬላው ሳይዘጋ እንሂድ» አልኩ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።


ታኅሣሥ 14

እንቅልፍ የለም። በጣም ሸጋ ቦታ ነው። መጥፎ ቢሆን ምን ነበረበት።


ታኅሣሥ 19

ዳባት። አዳራሹ ደህና ነው። ድምፁ ደህና ነው። ሁሉ ነገር ደህና ነው። ያጨበጨብኩት ጭብጨባ ደህና ሆኖ ሞተ።

ስሄድም ስመለስም አምባ ጊዮርጊስ ላይ በሌላው መስኮት ነበር የማየው። አለምነህ ሬዲዮውን ዘጋ፤ እስከ ጎንደር አልከፈተውም።

«ዳባት ተስማሚ ነው» ብዬ ለፍሬሰላም ሪፖርት ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። ስለ አውድማው አንድ መስመር፤ «የፈቃድ ችግር አለበት።»


ታኅሣሥ 24

ፍሬሰላም ሳትነግረኝ ሄደች። አያ አያናን ይዛ። ዛሬ ማታ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ፣ ልግባም አላለችም።

«ሴትዮዋን አናገርናት። ቤቷ አስገብታ አጃ አጠጣችን። አያ አያናን ‹አባቴን ይመስላሉ› አለቻቸው። ጉዳዩን ስንነግራት በደንብ ሰማችን። ከዚያ ‹ቦታውን የመረጠው ማነው?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ስምህን ነዋ። ምን እላታለሁ?» ነጠላዋን አስተካከለች። «‹ደህና ነው? ከሳ ወይስ እንዳለ ነው?› አለችኝ። ከዚያ ‹እንግዲያው እሱ ይምጣና ይጠይቀኝ› አለች። ምነው ጋሼ? ምነው እህቴ ናት አላልከኝም?»

ሥራና ቤተሰብ ማደባለቅ አልወድም አልኳት። ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ የተቀደደ ድምፅ ማጉያ ይመስል ነበር።


ታኅሣሥ 25

መንገድ ተዘግቶ ነበር ብዬ ጽፌያለሁ። በዚያ ሰሞን ብዙ ቀን ተዘግቶ ነበር፤ እውነት ነው። በዚያች ቀን አንዳንድ መኪና ያልፍ እንደነበር ሰምቻለሁ። በኋላ ነው የሰማሁት።

ለአርባው ሰው ልኬያለሁ።


ታኅሣሥ 30

ገና ትናንት አለፈ። እህቴ በየዓመቱ በገና ዋዜማ ደውላ «ምን እየሠራህ ነው?» ትለኝ ነበር። ዘንድሮ አልደወለችም። ኔትወርክ አልነበረም።

በኋላ የጻፍኩት። ኔትወርክ ነበር። ከሁለት ሰው ጋር አውርቼበታለሁ።


ጥር 5፣ ማክሰኞ

አሁን ከአምባ ጊዮርጊስ ተመልሼ ነው። የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ።

ጠዋት አለምነህን ደውዬ ጠራሁት። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዳገቱ መሐል ላይ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆማት። የተበላሸ ነገር መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሳታውቀው እንድትገባ አልፈልግም» አለ። እጁ መሪው ላይ ነበር፤ ወደ ፊት ነው የሚያየው። «መዝሙር የተቀበረ ቀን መንገዱ ክፍት ነበር። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ለቀስተኛ ጭኜ። ከጎንደር ብቻ ሃያ ስድስት ሰው አምጥቻለሁ።»

መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

«ድንኳኑ ውስጥ አንድ አሮጊት ‹ወንድሟ የታል?› ብላ ጮኸች። ፈንታዬ ከወደቀችበት ቀና አለች። ያን ቀን ሰው መምሰሏም ይገርመኛል። ‹መንገድ ተዘግቶበት ነው› አለች። እንዲህ፣ ጥርት አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ጋሼ፣ ከጎንደር የመጣነው፣ ሃያ ስድስቱም እኔም፣ እዚያው ፊቷ ተቀምጠናል። በመንገዱ የመጣን ነን። ታውቃለች። አይታናለች። ሁላችን አቀረቀርን። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እስከ ዛሬም በከተማው ውስጥ ስለዚህ ነገር ያወራ ሰው የለም።»

ከመኪናው ወረድኩ። ገደሉ ጫፍ ላይ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሕይወቴን ሙሉ ዝምታ ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ሰው ዝም የሚልበትን ቦታ። እንዲያ ያለ ዝምታ ግን በየትኛውም አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም። አንዲት ሴት የልጇ ሬሳ ፊቷ ተጋድሞ ለእኔ ስም ተጨነቀች፤ ድንኳን ሙሉ ሰውም አብሯት ተሸከመው። ፍርሃት ያዘኝ። ቤተ መቅደስ በር ላይ እንደሚይዘው ዓይነት።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ዋሽቻለሁና ልጻፈው። ሐምሌ 22 አንድ ሆቴል ይመረቅ ነበር፤ ድምፁ የእኔ ኃላፊነት ነበር። ወሬው የደረሰኝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሄጄ እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ካልተመለስኩስ አልኩ። ከዚያ ለእህቴ ባል ወንድም ደወልኩና «መንገዱ ተዘግቷል» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ቀለለኝ። ማታ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ማጉያው አንድ ጊዜ እንኳ አላፏጨም፤ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሄዳለሁ እላለሁ፤ የሚያልፈው ቀን ሁሉ መሄዱን ይበልጥ አክብዶታል።

እህቴ ግቢዋ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የዘር ገብስ ትለቅማለች። ጥቁር ለብሳለች። አርጅታለች። እኔን ስታይ ሰፌዱን አስቀመጠችና ተነሣች፤ አቀፈችኝ። ሽቅብ ነው የምታቅፈኝ፤ አጭር ናት። ረስቼው ነበር።

«ቦታውን አየኸው?» አለች፤ ሌላ ምንም ሳንል።

«አየሁት፣ እታለም።»

«ሸጋ ነው?»

«እንዲህ ያለ አላየሁም።»

«መዝሙር ሲወቃ እዚያ ያፏጫል። አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ለበሬዎቹ የሚነግራቸው ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል። ጉድ እኮ ነው፤ ከዚህ ቤት ሆነህ አውድማው ላይ የሚወድቅ እህል ትሰማለህ።» እጇን ወደ ኮረብታው ዘረጋች። «ለዚህ ነው ፈቃድ የሚጠይቁኝ።»

«እታለም፣ ያን ቀን መንገዱ…»

«ተቀመጥ።»

«ክፍት ነበር።»

«ክፍት እንደነበረ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ለሰው…»

«ምን ልበል? ወንድሜ የሰው ድግስ በልጦበት ቀረ ልበል? በልጄ ቀን?» ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «አንድ የተቀበረ ይበቃኝ ነበር። ሁለት ልቅበር?»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ራሴን ጉልበቷ ላይ ማስደገፍ ፈልጌ አፈርኩ። ሰፌዱን አንስታ ግማሹን ገብስ ወደኔ አፈሰሰችው። ሁለታችንም ዘር ለቀምን። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ጠይቀኝ» አለች።

«ምን?»

«ልትጠይቅ መጥተህ የለ?»

ጠየቅኳት። እንደ ማንኛውም ጎረቤት፣ በወጉ። ለእሷና ለመዝሙር ነፍስ እግዚአብሔር ምሕረት እንዲያወርድ ብዬ፣ ከቤቷ በታች ዘፈን እንዲሰማ እንድትፈቅድ ለመንኳት።

«ይሁን» አለች። «ከበሮውም ይመታ። ከበሮ የሌለው ዘፈን የታመመ ሰው ነው። ግን በቀን ይሁን። ሌሊቱን ለእኔ ተዉልኝ።»


ጥር 12

ጥምቀት ትናንት ነበር። ጃንሜዳ አይደለም፣ ጎንደር ነው፤ ሰው እንደ ባሕር። ውኃው ሲባረክ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ትንፋሽ ስቦ ያዘ። ከዚህ በኋላ የኛ ሰባት ሰዎች ምን ናቸው? ፍሬሰላም እንዲህ ስላት «ትንፋሹ ግን አንድ ነው» አለች።


ጥር 15

ሲኒማ ቤቱ ትናንት ሞላ። ጨዋታው ሲያልቅ ሰው አልነሣም አለ። አንድ ሰውዬ ሲወጣ «ወንበሩ ስንት ዓመት ነው ባዶውን የቆየው?» እያለ ሌላውን ይጠይቃል።

ለአውድማው ዘጠኝ ቀን ቀረው።


ጥር 19

ማክሰኝት ትናንት። ሰርካለም ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ብናኙ ነው አለች። አቧራው የዋሽንቱን ልጅ አስነጠሰው። ጥሩ ነበር። ድካም። ነገ ዕቃ መጫን።

ነፋሱ ያሳስበኛል። ቢቀየርስ? እህቴ ሐሳቧን ብትለውጥስ? ሰው ባይመጣስ? ሰው ቢመጣስ?


ጥር 24፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ከዚያ ከሸለቆው፣ ከማዶ፣ ከየመንደሩ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ይዘው፤ ሴቶቹ ልጅ አዝለው። ወንበር የለም። ኮረብታው ራሱ ተቀመጡብኝ ያለ ይመስል አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። አያ ሐብተ ማርያም አውድማውን ጠርጎ አዲስ ለቅልቆታል። መቁጠር ሞከርኩ፤ ስምንት መቶ ላይ ተውኩት።

አንድም ማጉያ አላመጣሁም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እጄ ባዶ ሆኖ የቆምኩበት የመጀመሪያው ዝግጅት ነው። እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

አያ አያና ተነሡ። «ዝም በሉ» የሚል ሰው አላስፈለገም። አንድ ሕፃን ማዶ አለቀሰና ተወ። ደጋኑ ጭራውን ነካ።

ነፋሱ ከኮረብታው በላይ ሲያልፍ ይሰማል፤ ከሥሩ ግን ያ አንድ ድምፅ ብቻ፤ ሄደ፣ ዞረ፣ ሁሉንም ሰው ዳሰሰ። ከዚያ ፍሬሰላም ገባች። እኔ እሷን አምስት ዓመት በማይክ ነው የሰማኋት። አላውቃትም ነበር ማለት ነው። ከበሮው ሲገባ ከላይ የተቀመጡት ገበሬዎች ማንም ሳይነግራቸው ተቀበሉ፤ አውድማ ላይ በሬ ሲነዱ በሚቀበሉት ዜማ። ስምንት መቶ ሰው። ኮረብታው ዘፈነ ብል ማን ያምነኛል? ግን ዘፈነ። አያ ሐብተ ማርያም መንሹን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ያያል፤ የራሱን መሬት ያላወቀው ይመስል።

በየቦታው የማደርገው ልማድ አለኝ፤ ጨዋታው መሐል ላይ ሲደርስ በጣም ሩቁ ተቀማጭ ያለበት ሄጄ እሰማለሁ። ዛሬ ሩቁ ተቀማጭ ማን እንደሆነች አውቅ ነበር። ዳገቱን ወጣሁ።

አጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አልወረደችም፤ ሐዘንተኛ ናት፤ አትወርድም። በሯ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እልፍኙ እስከ ውስጥ ይታያል። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እውነት ነው ያለችው። ድምፁ እዚያ ላይ ከታች ይልቅ ይጠራል። የአያ አያና ጣት ጭራው ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ፍሬሰላም ትንፋሽ ስትወስድ ይሰማል። ከበሮው ደረቴ ውስጥ ነበር።

«ያ ሽማግሌ አይደክመውም?» አለች።

«አይደክማቸውም።»

«ዋሽንቱን የሚነፋው ልጅ የማነው?»

«የቆላድባ ልጅ ነው።»

ዋሽንቱ ብቻውን ሲቀር ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አላየሁም፤ ማለቴ አይቼ ዞርኩ። መልሼ ስዞር እጇ እጄ ላይ ነበር። ሻካራ ነው፤ ትንሽ ነው። እስኪያልቅ ድረስ አልተነሣችም፤ እጇንም አላነሳችም። ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ሲበተን እየጮኸ አልነበረም። ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደሚወጣው በዝግታ ነበር የሚሄደው፤ ብዙዎቹ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት።

ቡድኑ ወደ ጎንደር ተመለሰ። አለምነህ ሊጠብቀኝ ፈልጎ ነበር። «ሂድ፤ እኔ አድራለሁ» አልኩት።


ጥር 25

ጠዋት በአመዳዩ ላይ እየረገጥን ሄድን። ሁለታችን ብቻ። እሷ ቀደም አለች፤ እኔ ከኋላ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ግን እሷ ትምራኝ ብዬ ነው።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከጥድ ሥር ነው። ድንጋይ ተከምሮበታል፤ ገና ሐውልት የለውም። ሣሩ ላይ ያለው አመዳይ ፀሐይ እስኪነካው ድረስ ሰማያዊ ነበር። ከዚያ ነካው፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም አበራ። ቆሜ ቀረሁ። ምን ይባላል? በእንዲህ ያለ ቦታ ምን እንደሚባል አላውቅም።

እህቴ ጎንበስ ብላ ከድንጋዩ ላይ ደረቅ ቅጠል አነሳች። ሰው ቤት በር እንደሚያንኳኳ በጣቷ ድንጋዩን መታ መታ አደረገችው።

«መዝሙርዬ» አለች፤ እንደ ተኛ ልጅ ቀስ ብላ። «አጎትህ መጥቷል።»

ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

አላለቀስኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። አልቅሻለሁ። ጮክ ብዬ።